ሊኑክሴ በአባ ስንሻው አዝካራ ላይ ያደረገችኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ከማትናስ፣ ከሰፈሩ የሕዝብ ማእከል፣ አዳራሽ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ እስክቀመጥ ድረስ አላመንኩትም።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩበት ቀን ነው!

ብሎጌን ዛሬ ለከፈታችሁት፦ ስሜ አወቀች ይባላል። አትሳቁ። ስሙን ያወጡት ወላጆቼ ናቸው፤ እኔ የለሁበትም።

የምኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል የሚባል ሰፈር ነው። ቀን ቀን መሃል ከተማ፣ ሃኪርያ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴን አበላሻለሁ።

የራሴ ስላችሁ የምሬን ነው። ሌላው ሰው ዊንዶውስ ይጭናል። ጎበዝ የተባለው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ከሲዲ ይጭናል። እኔ ግን እያንዳንዷን ፕሮግራም ከምንጯ አውርጄ፣ ቤቴ ውስጥ ኮምፓይል አድርጌ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ቀይሬ፣ አንዷን ባንዷ ላይ እየደረብኩ ከባዶ ነው የሠራኋት። አንድ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ።

ሱቅ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት “መሹጋዓት” ይሉኛል። እብድ ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ኮርቼባታለሁ! መልእክቶቿን እንኳ ወደ አማርኛ መልሻቸዋለሁ። ያውም በአክብሮት! የኔ ማሽን ሰውን አንተ አንቺ አትልም፤ አንቱ ነው የምትለው።

ይቺን ያዙልኝ። ኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

አባ ስንሻው ጎረቤታችን ነበሩ። እንደኛው ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት። አምና ክረምት ደክመው ቤት ሲውሉ፣ ከሥራ ስመለስ እየገባሁ ድምፃቸውን እቀዳ ነበር። ስለ አገር ቤት፣ ስለ እርሻው፣ መንገድ ላይ አልሄድም ብላ ስለተኛችባቸው በቅሎ።

እሳቸው ያወራሉ። እኔ እስቃለሁ። ባለቤታቸው እማ የሺ ከጓዳ ሆነው “ውሸት ነው!” ይላሉ።

ምን ዓይነት ክረምት ነበር!

አንድ ቀን እማ የሺ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። አባ ስንሻው በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ይችን ግን ዝጊልኝ፣ አወቀች። የሺ እንዳትሰማት።”

“እዘጋታለሁ፣ አባ” አልኩ።

የነገሩኝን እዚህ አልደግመውም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶታል። እደርስበታለሁ።

ብቻ ቃሌን ጠብቄ ዘጋኋት። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው። ባለቤቱ ነው ለሌላው የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው። ያችን ፋይል በኔ ስም አድርጌ፣ ከኔ በቀር ማንም እንዳይከፍታት ከለከልኩ።

ታዲያ ለምን ከሌሎቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ተውሻት ትሉኝ ይሆናል?

ተዘግታለቻ!

ከዚያ አባ ስንሻው አረፉ።

ዛሬ ዓመታቸው ነበር። አዝካራው፣ የሙት ዓመት መታሰቢያው ማለት ነው፣ የሚደረገው ማትናሱ አዳራሽ ነው። ልጃቸው ዮሲ ከሳምንት በፊት መጥቶ “የአባባን ድምፅ ትንሽ ብናሰማስ?” አለኝ። እናቱም ሰሙ። እማ የሺ እጄን ይዘው “አንዴ ብቻ፣ ልጄ” አሉኝ። ዓመት ሙሉ የባላቸውን ድምፅ አልሰሙም። እኚህን የሚያክሉ ሴት ሲለምኑኝ እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ይመጣል?

እሺ አልኩ። አሰብኩበትም፣ ሙች!

ማሽኗ ላይ “እንግዳ” የሚባል ተጠቃሚ ፈጠርኩ። አዳራሹ ውስጥ ድምፁን የሚያሰማው እንግዳ ነው። እንግዳ የተፈቀደለትን ያሰማል፤ የተዘጋችዋ ላይ ሲደርስ መክፈት ስለማይችል ዘሏት ያልፋል። ማንም ሳያውቅ!

ብልህ ነኝ አይደል?

ፋይሎቹን ወደ እንግዳ ቦታ የገለበጥኳቸው ግን በሩት ስም ገብቼ ነው። ሩት ስላችሁ የሰው ስም እንዳይመስላችሁ። የማሽኗ ጌታ ማለት ናት፤ ማንም አይከለክላትም። እሷ የገለበጠችው ሁሉ የእሷ ይሆናል። ፎልደሩ በሙሉ የሩት ሆኖ ቁጭ አለ፣ እንግዳም ከደጅ ቀረ።

ሳልሞክረው ቀርቼ ነው? ሞክሬዋለሁ! በሩት ስም። ለሩት የማይከፈት በር የለም። ጥርት ብሎ ሠራ።

በእንግዳ ስምስ ሞክሬዋለሁ?

…

አልሞከርኩትም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በግራ በኩል። ቄሱ ከሮቫ ቴት ቫቭ መጥተዋል። ጸሎቱ አለቀ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ዮሲ ተነሣና “አሁን የአባባን ድምፅ እንሰማለን” አለ።

እማ የሺ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

ተጫንኩት።

ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ፣ በሰው ቁመት ፊደል፣ እኔው ራሴ በተረጎምኩት አማርኛ እንዲህ ጻፈ፦

“አልተፈቀደልዎትም።”

በአክብሮት!

ጋሽ አለሙ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። አማርኛ ጽሑፍ ካዩ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያልፉም። አነበቡታ! ለአዳራሹ በሙሉ!

“አል-ተ-ፈ-ቀ-ደ-ልዎትም!”

እማ የሺ ወደኔ ዞሩ። “ማነው የከለከለኝ?”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላ የሳቀ ስላልነበረ እሱም አቆመ።

“ማንም አልከለከልዎትም፣ እማ። የፋይሉ ባለቤት ሌላ ስለሆነ ነው” አልኩ። ማስረዳቴ ነው እኮ!

“የኔ ባለቤት ድምፅ ሌላ ባለቤት አለው?”

ምነው አፌን በዘጋሁት።

ዮሲ ጆሮዬ ላይ በዕብራይስጥ “ምን ሆነሻል?” ይላል። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። የሚያስፈልገው አንዲት መስመር ትዕዛዝ ብቻ ነበር። “ይህን ፎልደር ለእንግዳ አስረክብ” የምትል። ሩት ሆኜ ገባሁና በችኮላ ጻፍኩ።

ቦታውን ስጽፍ ከመጀመሪያዋ እዝባር (/) ቀጥሎ አንዲት ባዶ ቦታ ገባች። አንዲት! አውራ ጣቴ ነካ አድርጓት ነው።

እዝባሯ ብቻዋን ስትቆም ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ?

“ማሽኗን በሙሉ።”

እኔ ግን አላየሁም። ኢንተር ብዬ ጠበቅኩ። ዲስኩ ተንጣጣ፣ ተንጣጣ፣ ቆየ። ዕድሜው ነው አልኩ። መልሼ ተጫንኩት።

“እህ፣ ጀመርሽ እንዴ? እንግዲህ በቅሎይቱ…”

አባ ስንሻው!

አዳራሹ ባንድ ላይ ተነፈሰ። ድምፃቸው ልክ እንደዚያን ጊዜው ነው፤ በመሃል መሃል ሳል እያለበት። እማ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “እሱ ነው” አሉ በቀስታ። ማን ይሆናል ብለው ኖሯል?

የበቅሎዋ ታሪክ ቀጠለ። አባ ስንሻው በቅሎዋን ተሸክመው ወንዝ እንዳሻገሯት የሚሉበት ቦታ ሲደርስ እማ የሺ ከመቀመጫቸው፣ ከእንባቸው ጋር፣ “ውሸት ነው!” አሉ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም፣ ቄሱም። እኔም ሳቅኩ። ዳንኩ አልኩ።

ያኔ ነው ዓይኔ የጻፍኩት ትዕዛዝ ላይ ያረፈው።

ባዶ ቦታዋ።

ማሽኗን ከነነፍሷ ለእንግዳ አስረክቤአታለሁ! ሩት ለመሆን የምታስችለዋ ፕሮግራም ራሷ ሥልጣኗን ተገፋለች። ሩት ሆኜ የገባሁበት አንድ መስኮት ብቻ ክፍት ቀርቷል። እሱን ከዘጋሁት ለመግባት ያለኝ መላ አዳራሽ መሃል የሚሞከር አይደለም።

አጎንብሼ ጥገና ገባሁ። ይኸኛው የሩት ነው፣ መልስ። ያኛው የኔ ነው፣ መልስ። ይኸኛው የማን ነበር? አንድ ዓመት ሙሉ የደከምኩባትን ማሽን ለማትረፍ ስል ጆሮዬን ደፍኜ እጽፋለሁ።

እንግዳ ሁሉን ሲረከብ ያችንም ፋይል እንደተረከባት ትዝ አላለኝም።

ትዝ አላለኝም፣ ወገኖቼ። የታመንኩባትን ነገር ረስቼ ማሽን አስታምም ነበር።

የበቅሎዋ ታሪክ አለቀ። ቀጥሎ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ።

“ይችን ግን ዝጊልኝ፣ አወቀች። የሺ እንዳትሰማት።”

በድምፅ ማጉያ።

ተወርውሬ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀልኩት። ድምፁ ተቆረጠ። ወንበሩም ከኋላዬ ወደቀ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እኔን ያያል፣ እኔ የተነቀለ ገመድ ይዤ ቆሜአለሁ።

እማ የሺ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

“መልሺው” አሉ።

“እማ፣ እሳቸው እኮ እርስዎ እንዳይሰሙ…”

“እሱ ሞቷል። እኔ አለሁ። መልሺው።”

ዮሲን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ቄሱን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። የሚያድነኝ ሰው ፈለግኩ፤ አልነበረም።

መለስኩት።

አባ ስንሻው ያሉትን እንደሰማነው ልጻፈው፦

“ሱዳን፣ ስደተኛ ሰፈሩ ውስጥ ነው። ማን እንደሆንን አንናገርም፤ ከታወቀብን አለቀልን። ልጃችንን፣ ማርዬን፣ ኩፍኝ ያዛት። የሺም ታማ ተኝታለች፣ ራሷን አታውቅም። ልጅቱ ጧት በክንዴ ላይ አለፈች። ለየሺ ቄስ መጥቶ ፈታት አልኋት። ቄስ አልነበረም። ሁሉም ተደብቋል፣ ማንን ልጠይቅ? ብቻዬን ወሰድኋት። ብቻዬን ቆፈርሁ። የሚባለውን ጸሎት አላውቀው። ባውቀውስ ድምፄን ላሰማ ነው? እንዲሁ ስሟን ጠራሁላት። ማርዬ፣ ማርዬ፣ ማርዬ እያልሁ አፈሩን መለስሁ።”

እዚህ ላይ ሳሉ። የኔም ድምፅ አለበት፤ “ውሃ ላምጣ፣ አባ?” እላለሁ።

“ተይው። የሺ ስትነቃ ቄስ ነበረ ወይ አለችኝ። ነበረ አልኋት። ያን ቀን እህል ቀመሰች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልመልሰው?”

አለቀ።

ማንም አላለቀሰም። ይህን ነው ልነግራችሁ የምፈልገው። የኛ ሰው ለለቅሶ ሰበብ አይፈልግም፤ ዛሬ ግን አንድም ድምፅ አልተሰማም። ሰዉ እማ የሺን ብቻ ይጠብቃል።

እማ የሺ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

“እጁን አይቸዋለሁ። ስነቃ እጁ ተልጦ ነበር፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ቄስ ከነበረ፣ ሰው ከነበረ፣ እሱ ብቻ ለምን እንዲህ ሆነ አልሁ በሆዴ። አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው በእግሩ የሚቆም አልመሰለኝም።”

ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

“ቄስ፣ ጸሎቱ አሁንስ ይሆናል?”

ቄሱ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። እሳቸውም ሱዳንን ያውቋታል። “ብንሰማ ኖሮ ያኔውኑ ባደረግነው ነበር” የሚል ፊት ነበራቸው።

“የልጅቱ ስም ሙሉው ማን ነበር?”

“ማረች። ማረች ስንሻው።”

“ተነሡ” አሉ ለሰዉ።

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ቄሱ በግዕዝ ጀመሩ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀበሏቸው። ድምፃቸውን ማንም ዝቅ አላደረገም። ወጪ ወራጁ መንገድ ላይ ቆሞ እስኪያዳምጥ ድረስ ከፍ አድርገው አሉት። በየመሃሉ የማረች ስም ይመጣል። ስሟ በመጣ ቁጥር እማ የሺ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንድ ሰው በስም ሲያስተዋውቁን እንደምናደርገው።

ዮሲ እናቱ አጠገብ ቆሟል። እህት እንደነበረችው ያውቃል። ስሟን ግን ዛሬ ነው የሰማው። እናቱ ጠርተዋት አያውቁም።

እኔ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ማራገቢያዋ እየጮኸች ስላስቸገረችኝ ማሽኗን አጠፋኋት። አዎ፣ ከዚያ ከመጨረሻው ክፍት መስኮት ጋር። አውቄ ነው። በዚያ ሰዓት ለሷ ማዘን አስጠላኝ።

ሰው መሄድ ሲጀምር እማ የሺ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም አጎነበስኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

“ይቅር በሉኝ፣ እማ።”

“አንቺን አምኖሽ ነበር” አሉኝ።

“አዎ።”

“እሱን ይቅርታ ጠይቂው። እኔማ ሰማሁ።”

አልተቆጡም። አላጽናኑኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው ከሴቶቹ ጋር ወጡ።

አውቶቡስ ላይ ማሽኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ በዕብራይስጥ “ተበላሸ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። “ለሚያውቅ ሰው ስጪው” ብለው መከሩኝ።

ቶዳ ራባ! ከልብ አመሰግናለሁ!

አሁን ቤቴ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከእህቴ ኮምፒውተር ነው። የኔዋ አጠገቤ ተከፍታለች፤ በሌላ ሲዲ አስነሥቼ ፋይሎቿን አንድ በአንድ ለየባለቤታቸው እየመለስኩ ነው። ከሲዲ የጫኑ ሰዎች “ሁሉንም እንደነበረ መልስልኝ” የሚሉት ፕሮግራም አላቸው። የኔን ግን እንዴት እንደነበረች የሚያውቅ ፕሮግራም የለም። እኔም ረስቼዋለሁ።

ትምህርት ከፈለጋችሁ፦ ለእንግዳ ያዘጋጃችሁትን ነገር በእንግዳ ስም ሞክሩት። በጌታ ስም ከሞከራችሁት ሁልጊዜ ይሠራል።

“ግን እኮ ጥሩ ሆነ! ልጅቱ ጸሎት አገኘች!” ልትሉኝ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬም ስልክ ላይ ያንኑ አለኝ።

ጥሩ ሆነ። ጥሩ ያደረጉት ግን እማ የሺና ቄሱ ናቸው። እኔ ያደረግኩት አንድ የሞተ ሰው ያመነኝን ነገር በድምፅ ማጉያ ማሰማት ነው። እማ የሺ ሌላ ሰው ቢሆኑስ? እዚያው ቢወድቁስ? ጣቴ ይህን አስቦ አልነበረም።

ስለዚህ ሥራዬ የሚመሰገን እንዳይመስላችሁ። እኔም እንዲመስለኝ አትርዱኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዮሲ ነው።

ሊጮህብኝ መሰለኝና ተዘጋጀሁ። አልጮኸም። ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ የአባቱ መቃብር ድንጋይ ላይ አንድ መስመር ማስጨመር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ድንጋይ ጠራቢውን አነጋግሮታል። በዕብራይስጥ እሱ ራሱ ይጽፈዋል። ከሥሩ ግን በአማርኛም እንዲሆን እናቱ ብለዋል።

“እኔ ፊደሉን አላውቀውም” አለኝ። “ስሟ እንዴት ነው የሚጻፈው?”

ወረቀት አምጥቼ በትልቁ ጻፍኩለት። ሦስት ፊደል ነው። አንድ አንዱን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት፤ እሱም እየተከተለ ደገመ። ከዚያ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሄደ። ነገ ጧት ለድንጋይ ጠራቢው ያደርሰዋል።

እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ የራሴን ጽሑፍ አላምነውም። ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ደግሞ የሚያርመው የለም። ዓይን ያላችሁ እስቲ እዩልኝና ንገሩኝ፦

ማረች።

ልክ ነው አይደል?